አርባ ወንበር፣ አሥራ አንድ ሺህ አንባቢ

ጥቅምት 6 ቀን

ለምወድህ ለቶሎ፤

በያለህበት ሰላምህ ይብዛ። እንዴት ከርመሃል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ አልፎ አልፎ ያማታል። እሷ የአጎቴ ልጅ ብትሆንም እንደ እህት ነው ያደግነው፤ ስለዚህ አንተን ለማስቸገር መብት ያለኝ ይመስለኛል። እኔ ያው እንደምታውቀኝ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የንባብ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ አውጥቼ መጽሐፍ እመልሳለሁ። አንባቢዎቹ ከፊቴ እትዬ፣ ከኋላዬ እትዬ እሽሽ ይሉኛል።

ይህን በእጄ ጽፌ በስልክ ፎቶ አንሥቼ ነው የምልክልህ። በስልኩ ላይ ስጽፍ ጣቴ ሌላ ፊደል እየነካ ያናድደኛል። አንተም በደብዳቤ መልስልኝ፤ በስልክ ስታወራኝ እሺ እሺ ብዬ ዘግቼ ያልከኝን እረሳዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ኃላፊ መጥቶልናል። ወጣት ነው፤ ሱፍ ለባሽ፣ ፈጣን፣ ኮሪደሩ የሚጠብበው ዓይነት ሰው። ክፍሌን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ስንት ወንበር ነው?» አለኝ። አርባ አልኩት። «ስንት ሰው አለ?» አለኝ። ቆጠርኩ፤ ስድስት። ያውም አንደኛው ተኝቷል። «ይህ ክፍል የስብሰባ አዳራሽ ቢሆን ይሻላል» አለኝ። መጽሐፎቹስ ስለው፣ ምድር ቤት ይቀመጣሉ አለ። ምድር ቤቱ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃ ይገባዋል። ስለምነው ጊዜ ሰጠኝ፤ «ዘመኑ የማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ገጽ ይክፈቱ፣ አንባቢ ይሳቡ። የግማሽ ዓመቱን ሪፖርት አይቼ እወስናለሁ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እናትህ በዚያ አገር የትልቅ ቤተ መጻሕፍት ገጽ ያዥ እንደሆንክ ትናገራለች። ከዘመድ ሁሉ ይህን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ከሀ ጀምረህ አስተምረኝ።

ለአንተ ሁልጊዜ ደግ የምትመኝ፣
እትዬህ


ጥቅምት 21 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

ጤናውንና ዕድሜውን አብዝቶ ይስጥልኝ። ከላኩልኝ አምስት ገጽ ሦስተኛው ላይ አውራ ጣትዎ አብሮ ተነሥቷል። ከጣትዎ ሥር ያለችውን መስመር ማንበብ አልቻልኩም፤ ምናልባት የተቆጡኝ እዚያ ላይ ይሆናል።

ገጹን ከፍቼዋለሁ። የይለፍ ቃሉን ለብቻ ልኬልዎታለሁ፤ እኔም ከዚህ ሆኜ እየገባሁ አግዝዎታለሁ። አሁን የማውቀውን ልንገርዎ። ሰው ገጽ ላይ የሚመጣው ትእዛዝ ሊቀበል አይደለም፤ ስለዚህ «ክልክል ነው» የሚለውን ቃል ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበት። ከመለጠፍዎ በፊት አንድ ሰው ያስቡ። ፈተና የደረሰባት ተማሪ ናት? ልጁን ማስጠናት ያቃተው አባት ነው? ለዚያ ሰው ብቻ ይጻፉ፤ አጭር አድርገው። የሰው ፊት ፎቶ ሲያነሡ ባለቤቱን ያስፈቅዱ። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ይበቃል፤ በቀን አሥር ጊዜ ከለጠፉ ሰው ይሸሽዎታል። ከሁሉ በላይ ግን ለጠየቀ ሰው በዚያኑ ቀን ይመልሱለት። መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

የመደርደሪያዎቹን ፎቶ ይላኩልኝ፤ የእርስዎንም፣ ካላፈሩ። ክፍሉን አያስነኩም፤ እኔ አለሁ። ለእናቴ ሥራ በዝቶበት ነው ያልደወለው ይበሉልኝ።

አክባሪዎ፣
ቶሎ


ኅዳር 12 ቀን

ለቶሎ፤

ደግነትህን ፈጣሪ አይርሳብህ፤ የልፋትህን ዋጋ ይስጥህ።

የመጀመሪያውን ቀን ምክርህን አልሰማሁም። የክፍሉን ደንብ አሥራ አራቱንም አንቀጽ ለጠፍኩት። ሁለት ሰው ወደደው፤ አንዱ ጥበቃችን ነው፣ ሌላዋ እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት እንዳልከኝ አደረግሁ። «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ሦስት ቅጂ አለን፤ ሁለቱ አሁን መደርደሪያ ላይ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ተማሪ እያለከለከች ገባች። ሰው ወደ እኔ ክፍል ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ አንድ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጻፈልኝ። ከሱቁ አከራይ ጋር ክርክር ይዟል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ አላችሁ ወይ ይላል። አለን፣ ስለ ኪራይ የሚለውን ክፍል አውጥቼ እጠብቅሃለሁ አልኩት። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣ። አሁን በየቀኑ በምሳ ሰዓቱ ይመጣል፤ በዚህ አያያዙ ጠበቃ ሳይሆን አይቀርም።

የነርስነት ተማሪዎች ደግሞ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱልኝ። ሠላሳ ሁለት ሰው አለበት። ጠዋት ገብቼ፣ «ዛሬ መብራት አለ፣ ሃያ አምስት ወንበር ባዶ ነው» እላለሁ። «የአናቶሚውን ይያዙልኝ» ይሉኛል፤ ስማቸውን በወረቀት ጽፌ መጽሐፉ ውስጥ ሰክቼ እስከ ስድስት ሰዓት አቆይላቸዋለሁ። ካልመጡ ለሌላ እሰጣለሁ። ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ገጻችን ሁለት መቶ አሥር ተከታይ ነበረው። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሆነ። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ምን ተገኘ? ስለ ሥራህም ጠይቄህ አልመለስክልኝም።

እትዬህ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይጥፋ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ እዚህ ነገሩ ሁሉ ሩጫ ነው።

ስለ ቁጥሩ አያስቡ። ገጽ አንዳንዴ እንዲህ ብድግ ይላል፤ ሰው ብዙ ሰው ያለበትን ያያል። አሠራሩን እኔ አውቀዋለሁ፣ ለእኔ ይተዉት።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ገጹን ያቋቋምኩትና የምመራው እኔ መሆኔን፣ የተከታዩንም ብዛት ጠቅሰው፣ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ይላኩልኝ። ምክንያቱን በኋላ አጫውትዎታለሁ። ቢፈጥንልኝ ደስ ይለኛል።

ቶሎ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ለቶሎ፤

እጅህን ከክፉ፣ ልብህን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤው ይኸውልህ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ለማን ነው ብላ አፈጠጠችብኝ። ለዘመዴ ከማለት ለገጹ ኃላፊ አልኳት፤ ማኅተሙን ያኔ ነው ያነሣችው።

ሪፖርቱንም አስገባሁ። የግማሽ ዓመቱ ቅጽ ስለ ሰው የሚጠይቅ አንድ ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ «የአንባቢ ብዛት» ይላል። እስከ ዛሬ ያንን የምሞላው በር ላይ ካለው መዝገብ የፈረመውን ቆጥሬ ነበር። ዘንድሮ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ተከታይ የሚል ዓምድ የለም። ወዲህ አሰብኩ፣ ወዲያ አሰብኩ፤ ገጹን ያነባሉ፣ የሚያነብ ደግሞ አንባቢ ነው አልኩና አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ አስነሥቶ አስጨበጨበልኝ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ባለፈው ሳምንት ቧንቧ ፈነዳብን። «ስምንት መጽሐፍ ራሰብን፤ ዛሬ ዝግ ነን» ብዬ ለጠፍኩ። ሠላሳ ሰው በባዕድ ቋንቋ መልስ ጻፈ። አንዷን የነርስ ተማሪ አስተረጎምኳት። «እንዴት ያምራል! እንዲህ ያለውን ጨምሩልን!» ነው የሚለው። ምን ዓይነት ሰው ነው መጽሐፍ ሲርስ ደስ የሚለው? ግሩፑ ላይ ግን ስልሳ ሦስት ደርሰናል፤ ከእነሱ አሥራ አንዱ ፎጣ ይዘው መጥተው ቅጠል በቅጠል ሲያደርቁልኝ ዋሉ። እነዚያ አሥራ አንድ ሺህ የት ነው የሚኖሩት?

እትዬህ


ጥር 10 ቀን

ለቶሎ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሰላምታዬን ረዘም ላደርገው ነበር፤ ነገሩ አላስቻለኝም።

ትናንት ኃላፊው ጠራኝ። ፊቱ ፈክቷል። «እርስዎ አሳመኑኝ» አለኝ። «አሥራ አንድ ሺህ አንባቢ በስልኩ የሚያነብ ከሆነ አርባ ወንበር ምን ይሠራልናል? ክፍሉን አዳራሽ እናደርገዋለን። ለእርስዎ ፎቅ ላይ ጠረጴዛ ይሰጥዎታል፣ እዚያ ሆነው ገጹን ይይዛሉ።»

«ኧረ ሰዎቹ ክፍሉ ድረስ ይመጣሉ!» አልኩት።

«ሪፖርቱን የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

ጥር ሃያ ስምንት ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ክፍሉን አይተው ይፈርማሉ። ከዚያ መጽሐፎቹ ምድር ቤት ይወርዳሉ። በገዛ እጄ ነው ቶሎ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ ያስተካከልኩትን መደርደሪያ መልሼ አስተካክላለሁ። ትናንት አንድ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ቦታው መልሼ ሦስት ጊዜ አወጣሁት።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከደረሰህ ወዲህ ድምፅህ ጠፍቷል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህና አትዋሸኝ። እነዚህ አሥራ አንድ ሺህ ሰዎች፣ ሰዎች ናቸው?

እትዬህ


ጥር 15 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

ደብዳቤዎን ይዤ አራት ቀን ዞርኩ። ሰዎች አይደሉም።

ተከታይ የሚሸጡ አሉ፤ ከእነሱ ገዛሁ። እውነተኞቹ ከአምስት መቶ አይበልጡም። ቁጥሩ ሲያድግ ኃላፊው ይደነግጣል፣ ክፍሉ ይተርፋል ብዬ ነበር። ይህ ግማሹ ነው። ግማሹ ለራሴ ነው። የላኩልኝን ደብዳቤ ሥራ ለምጠይቅበት መሥሪያ ቤት ሰጥቻለሁ፤ ገጹን የራሴ ሥራ ብዬ አቅርቤያለሁ። ቃለ መጠይቁ ጥር ሠላሳ ነው። ከዚያ በፊት ቁጥሩ የውሸት ነው የሚል ነገር ገጹ ላይ ከወጣ አለቀልኝ።

በእርስዎና በእኔ መካከል ያለው ሁለት ቀን ነው። ኮሚቴው ይፈርም፤ ሠላሳ ካለፈ በኋላ እውነቱን ጽፈን እናስቀለብሰዋለን። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ቶሎ


ጥር 19 ቀን

ቶሎ፤

ጤና ይስጥህ። ተናድጄብሃለሁ፤ ይህን ሳልደብቅ ልጀምር። የደብዳቤህን ሁለተኛ አንቀጽ አንብቤ ስልኩን ደፍቼ ክፍሉን ሁለቴ ዞርኩት። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ፣ «እትዬ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለኝ።

የተፈረመ ወረቀት ሲቀለበስ በሃያ ስድስት ዓመቴ አላየሁም። ክፍል ከሄደ ሄደ ነው። ያቺ የአናቶሚ መጽሐፍ የምታስይዘኝ ተማሪ ቤታቸው ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ይኖራሉ፤ የት ሄዳ ታጥና? ልብስ ሰፊው ያንን የሚያህል የሕግ መጽሐፍ የስፌት መኪናው ላይ ዘርግቶ ያንብብ? አንተ ሥራ አለህ። የተሻለ ፈልገህ ነው፤ ቢቀርብህ ነገም ታገኛለህ። እነሱ ሌላ ወንበር የላቸውም።

የእኔም ጥፋት ነው። ሰበብ አላበዛም፤ ማንም እጄን ይዞ አላስጻፈኝም። ተከታይና አንባቢ አንድ እንዳልሆነ ልቤ እያወቀ፣ ይጨበጨብልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ስለዚህ የእኔን እኔ አስተካክላለሁ። ስምህን አልጠራም። የይለፍ ቃሉን ግን ቀይሬዋለሁ።

አንጀቴን ትበላዋለህ፤ ክፍሉን ግን አልሰጥህም።

እትዬህ


ጥር 23 ቀን

እትዬ፤

እባክዎ። ሁለት ቀን ብቻ።

ቶሎ


ጥር 29 ቀን

ለቶሎ፤

በምሕረቱ ይያዝህ፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ።

መልእክትህን አንብቤዋለሁ። መልስ ያልሰጠሁህ ልቤ እንዳይላላ ፈርቼ ነው።

ጥር ሃያ ሰባት ገጹ ላይ ጻፍኩ። «ተከታዮቻችን አሥራ አንድ ሺህ ይላል። አብዛኞቹ ሰዎች አይደሉም፤ ሪፖርት ላይ አንባቢ ብዬ የጻፍኳቸው በስሕተት ነው። ነገ በአራት ሰዓት ክፍላችንን ለአዳራሽ ሊያዩት ይመጣሉ። የምታነቡበት ሰዎች ኑና እንደ ወትሯችሁ አንብቡ።» ግሩፑም ላይ ያንኑ ለጠፍኩ። ከዚያ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በማግሥቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ አምስት ሰው ብቻ ነበር። በሩን እያየሁ አንገቴ ተጣመመ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ መጣ። የነርስ ተማሪዎቹ ዘጠኝ ሆነው ገቡ። ያቺ የሒሳቧ ተማሪ ሦስት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ከነመነጽሩ ደረሰ። የማላውቃቸው ሁለት እናቶች፣ «ገጹ ላይ አይተን ነው፣ ምዝገባ አለው?» አሉኝ። ሌሎችም ተከታትለው ገቡ፤ አራት ሰዓት ሲሆን ሠላሳ አራት ሰው ተቀምጧል።

ኃላፊው ኮሚቴውን አስከትሎ እንደገባ በሙሉ ድምፁ፣ «ይህንን ግድግዳ እናፈርሰውና...» ብሎ ሲጀምር፣ ልብስ ሰፊው ከመጽሐፉ ቀና ሳይል «እሽሽሽ!» አለው። በሕይወቴ እንደዚያ ሳቅ ይዞኝ አያውቅም። ኃላፊው ቀላ። ሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ነው ያወሩት።

ከመካከላቸው አንዷ ሴትዮ ሪፖርቱን ይዛ ጠጋ አለችኝና፣ «አሥራ አንድ ሺሁ የታሉ?» አለችኝ።

«እነዚህ ናቸው» አልኳት። «ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከሰው የማይቆጠረውን ከሰው ቆጠርኩት።» በር ላይ ያለውን መዝገብ ሰጠኋት። ከጥቅምት ጀምራ ገለጠችው። ያኔ በቀን ስድስት ሰባት ነበር፤ አሁን ሃያ አምስት፣ ሠላሳ። ግሩፑንም በስልኬ አሳየኋት፤ ማን ምን እንደጠየቀ፣ በስንት ሰዓት እንደመጣ። ቆማ ረጅም ጊዜ አነበበች። ሳይፈርሙ ሄዱ። ክፍሉ ባለበት ይቆይ ብለዋል።

እኔ ለውሸት ሪፖርት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። በቅጹም ላይ በማስመሪያ መስመር አስምሬ አንዱን ዓምድ አንባቢና ተከታይ ብዬ ሁለት አድርጌዋለሁ።

ያንተ ቀን ነገ ነው። ምን አድርጌብህ እንደሆነ አላውቅም፤ እንቅልፍም አልወሰደኝ። የሆነውን ጻፍልኝ፤ ብትሰድበኝም ጻፍልኝ።

እትዬህ


የካቲት 20 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ እትዬ፤

ክፍልዎን ያቆመልዎ አምላክ እርስዎንም ያቁምልኝ። የኮሚቴውን ነገር አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ልብስ ሰፊው ጋ ስደርስ በየጊዜው እስቃለሁ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ገጹን ከፍተው ነበር። የጻፉትን አስተርጉመው አንደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝና፣ «እነዚህን ሰው ያልሆኑ ሰዎች ማን አመጣቸው?» አለኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ በሌላ ላላክከው አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ የገዛኋቸው አልኩት። አመስግነው ሸኙኝ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ሰው መውሰዳቸውን ጻፉልኝ።

በእርስዎ አልፈርድም። አንድ ነገር ብቻ ላርምዎ፤ አንተ ሥራ አለህ ብለውኝ ነበር። የለኝም። ከሰኔ ጀምሮ የለኝም። የዚያን ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲቀንሱ የቀነሱት እኔን ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ በዚህ ሳምንት ደውዬ እኔው እነግራታለሁ፣ እስከዚያ አይንገሩብኝ።

በየጠዋቱ ሸሚዜን ተኩሼ እንደ ሠራተኛ እወጣለሁ። የምሄደው እዚህ ሰፈር ወዳለች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነው። ለእርስዎ የጻፍኩት ሁሉ፣ ውሸቱም ጭምር፣ እዚያ ተቀምጬ የጻፍኩት ነው። ክፍሉ ይሞቃል፣ ወንበር አለ፣ ምን ፈልገህ ነው የሚል የለም። ሁለት ቀን ይጠብቁኝ ብዬ ስለምንዎትም የተቀመጥኩት እንደ እርስዎ ባለ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ይህን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በየሰዓቱ አንዲት ሠራተኛ ወረቀት ይዛ እየዞረች የተቀመጠውን ሰው ትቆጥራለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ አንድ ጭረት ታሰምርና ታልፋለች። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ከተማ ውስጥ እኔን ከሰው የቆጠረኝ እሷ ብቻ ናት።

ዘመድዎ፣
ቶሎ